ዲግ የሚሉት ቃልና የሚካኤል ዕለት በረዶ

መቼ እንደሆነ በትክክል ንገረን ብትሉኝ አላውቀውም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰዎች ሻይ ይዘው በዚያ ምርጫ ገና ሲከራከሩ፣ እኔ ከመሃላቸው ቆሜ ስለ ጎመን ማሰቤ ትዝ ይለኛል። አንዱ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ «እኔስ ሰርዶ ነው ያስቸገረኝ» አልኩት፤ ሁሉም ሳቁብኝ። ዓመቱን ልጄ ታውቀው ይሆናል፤ እሷ ወረቀት ታስቀምጣለች። እኔ ነገር የምይዘው በአየሩና በተዘራው ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በረዶ ጥሎ ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ በረዶ ነው።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጎጃም ገጠር ተወልጄ እስክጎረምስ ድረስ ከአባቴ ጋር አርሻለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ የቀን ሥራ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ለንደን። እዚህ ዕድሜዬን ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጡረታ ወጣሁ። የምኖረው ስቶክዌል ነው፣ ካውንስል የሚሉት የአካባቢው አስተዳደር በሚያከራየው ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ልጄ እሑድ እሑድ ትመጣና ሶፋው ላይ ታገኘኛለች።

«አባዬ፣ እንዲህ ቁጭ እንዳልክ ልትደርቅ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር አፕላይ አድርጌልሃለሁ።»

አፕላይ ያደረገችው አሎትመንት ነው። ካውንስሉ አትክልት መትከል ለሚፈልግ ነዋሪ የሚያከራየው ቁራሽ መሬት አለ፤ እንዲህ ብለው ይጠሩታል። ወረፋው ረጅም ነበር። እኔ እንዲያውም ረስቼው ነበር። አንድ ቀን ደውላ «አባዬ፣ ደረሰህ!» አለችኝ። አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። አጥር ውስጥ ብዙ ቁራሽ መሬት ተደርድሯል፤ በየመሬቱ ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። የእኔ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት። ወርዷ ከአንድ ጎጆ ብዙም አይበልጥ፣ ርዝመቷ ግን ደህና ነው። አረም እስከ ጉልበት ደርሶባታል። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

በማግስቱ አካፋ ገዝቼ ቁፋሮ ጀመርኩ። የለንደን አፈር ማሰሮ የሚሠራበት ዓይነት ጭቃ ነው፤ ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለ። ግን አፈር አፈር ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ሽታ ሳሸት ወገቤ የራሴ መሆኑን ረሳሁት። ሁለት መደብ አገላበጥኩ። አጠገቤ ያለው መሬት ላይ አንዲት ጥቁር አሮጊት፣ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጡ፣ የባቄላ ችግኝ ያጠጣሉ። እጃቸውን አነሱልኝ፣ እኔም አነሳሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው በረዶ! ባቄላ የሚያህል በረዶ። ሴትዮዋ «ግባ! ግባ!» ብለው ወደ እንጨት ቤታቸው ጠሩኝና ሁለታችንም እዚያ ተጣብበን ቆምን። ሲያባራ ስንወጣ የእሳቸው ችግኝ ተመንጥሯል። አንድ ቅጠል አልተረፈውም።

«ሶሪ፣ ሶሪ» አልኳቸው።

«አንተ ምን አደረግህ? ለንደን ነው» አሉና ሳቁ።

ቤቴ ገብቼ ሻይ ስጥድ ግን ዐይኔ ግድግዳው ላይ ካለው የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። እኔ የመሰለኝ አሥራ አንድ ነው። አሥራ ሁለት ነበር። ሚካኤል!

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር በሚካኤል ቀን አፈር አይነካም። አይታረስም፣ አይቆፈርም። አንድ ሰው ከደፈረ በረዶ ይመጣል፤ የሚመጣው ደግሞ በደፋሪው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፣ በመንደሩ ሁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሰውዬውን ጠርተው ይቀጡታል። እኔ ልጅ ሆኜ አንዱ ጎረቤታችን ተቀጥቶ አይቻለሁ። አሁን እኔ ባሕር ተሻግሬ፣ ስንት ዘመን ኖሬ፣ በመጀመሪያዋ ቀን የሰው ባቄላ አስጨረስኩ።

ደግሞ የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ያንን ሁሉ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ በሚካኤልም በገብርኤልም ወለል ወልውያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልቤ አልከበደኝም። ወለሉ የማንም አይደለ። አፈር ስነካ ነው የአባቴ ሕግ ተነስቶ የቆመብኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠንቃቃ ሆንኩ። ልደታ አይቆፈርም። አቦ አይቆፈርም። ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ እግዚአብሔር... ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር እኮ ወር አለቀ! ከተረፈው ላይ ዝናቡ ይወስዳል፤ ዝናብ የተወውን ደግሞ የጉልበቴ ሐኪም ቀጠሮ። በበዓል ቀን ግን ከመሬቴ አልቀርም። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሻዬን በፔርሙስ ይዤ፣ ባልዲ ገልብጬ እቀመጥበታለሁ። አረሙ ያድጋል፣ እኔ አየዋለሁ።

የአሎትመንቱ ማኅበር ጸሐፊ የሚባል ረጅም ቀጭን እንግሊዛዊ ነበረ፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ የማይለየው። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ሥራ ስላለው መሬቱን ዞሮ ቼክ የሚያደርገው ቅዳሜና እሑድ ነው። ባየኝ ቁጥር ባልዲዬ ላይ ነኝ። እጄን አነሳለታለሁ፤ እሱ ይጽፋል።

ደብዳቤው የመጣው ግንቦት ላይ ይመስለኛል። ልጄ ቆማ አነበበችልኝ።

«አባዬ፣ እዚያ ሄደህ ምንድነው የምትሠራው?»

«አንዳንዴ እቆፍራለሁ።»

«አንዳንዴ?»

«አንዳንዴ ደግሞ እቀመጣለሁ።»

«መሬቱ አልተቆፈረም ይላል። ስድስት ሳምንት ሰጥተውሃል። ካልተስተካከለ ለሚቀጥለው ወረፋ ይሰጡታል።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቀን አባዬ!»

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መሬት ኖሮኝ አያውቅም እኮ። አገር ቤት የአባቴ ነበር፤ እሱም ሄደ። ይህች በእኔ ስም የተጻፈች የመጀመሪያዋ ናት። ብትወሰድ ተመልሼ ሶፋው ላይ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ባለ ባቄላዋ ሴትዮ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ተዋውቀናል። ከጃማይካ በወጣትነታቸው የመጡ ናቸው፤ ብሪክስተን ይኖራሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ በአማርኛ እትዬ እላቸዋለሁ፣ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል። እሳቸው ብራዘር ይሉኛል። ደብዳቤው ላይ አንድ ቃል ሦስት ቦታ ተደጋግማለች፤ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይቺ ዲግ የምትለዋ ናት መሬቴን የምትወስድብኝ» አልኩ። «እስቲ ደህና አድርገው ይንገሩኝ። ከእኔ የሚፈልጉት ምንድነው?»

መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ከዚህች ቃል ጋር የተጣላህ ከሆነ ማን እንደሆነች ማወቅ አለብህ። ነገ መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ።»

እውነትም መጡ። ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ። ባልዲዬን ለእሳቸው ለቅቄ እኔ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

«የመጀመሪያው መቆፈር ነው» አሉ። «ይህንን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ሁለተኛው...» አሉና ክርናቸውን ጎኔ ላይ ወጋ አደረጉት። ዘለልኩ። «ይህም ዲግ ነው። ሰውን በነገር ሲወጉትም ያው ነው። ሦስተኛው፣ እኔ ወጣት ሳለሁ ደስ ያለንን ነገር፣ ሙዚቃም ይሁን ሰው፣ ዲግ አደርገዋለሁ እንል ነበር። አሁን እንዲህ ብል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ምግብ ቀርቦ ‹በሉ እንጂ፣ ጀምሩ!› ሲባልም እሷው ናት። ተማሪና ላጤ የሚከራየው ክፍል ደግሞ ዲግስ ይባላል።»

«ለንደን እንደመጣሁ ዊልስደን የተከራየሁት ክፍልም?»

«ምን ዓይነት ነበረ?»

«አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከሌላ አምስት ሰው ጋር አንድ መታጠቢያ።»

«በትክክል እሱ ነው!»

እንግዲህ ያን ያህል ጊዜ በቃሉ ውስጥ ተኝቼ ስሙን ሳላውቀው ነው የወጣሁት። ገረመኝ። እኛ ለአፈር ብቻ ስንት ቃል አለን፤ መቆፈር፣ መማስ፣ መኮትኮት፣ መጫር። እነሱ አንዷን ይዘው ያሠሯታል፤ ከእርሻ እስከ ራት ጠረጴዛ ትላላካለች። እኔም ጽዳት ላይ እንደዚህ ነበርኩ፤ መጥረጊያውም መስኮቱም ቆሻሻ መድፋቱም የአንድ ሰው።

«ከየት መጣች ታዲያ?» አልኩ።

እትዬ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ አነበቡ። «እዚህ ላይ መጽሐፉም አያውቅም። የጥንት እንግሊዞች ለመቆፈር የነበሯቸው ሌሎች ሁለት ቃላት ናቸው። አንደኛው አርጅቶ ዛሬ እምብዛም አይነሳም፤ ሌላኛው መቃብርን ‹ግሬቭ› በምንልበት ቃል ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ይህች ዘግይታ ነው የመጣችው። ምናልባት ከፈረንሳይ፣ ቦይና ግድብ ከሚሠሩ ሰዎች አፍ። ምናልባት ይላል እንጂ እርግጠኛ አይደለም።»

«መቼ ገባች?»

«በትክክል አይታወቅም።»

«ወረቀት አላት?»

«የላትም» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ስደተኛ ናት ብራዘር! እንደ እኔና አንተ። መጣች፣ ሥራ አገኘች፣ ባለቤቶቹን አስወጥታ ቀረች።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ያ መዝገበ ቃላት ከጉልበታቸው ሊወድቅ ደረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ደብዳቤው እዚያው ሣሩ ላይ ነበር። እሳቸውም አዩት።

«አሁን ቁም ነገር» አሉኝ። «አንተ ሰነፍ ሰው አይደለህም። ስትቆፍር አይቼሃለሁ፣ እንደ ጎረምሳ ነው። ለምንድነው የማትቆፍረው?»

በረዶውን ለመናገር አፈርኩ። «ጉልበቴን ያመኛል» ብዬ ዋሸሁ።

እሑድ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የልጄን ያህል ቢሆን ነው፣ አባባ ነው የሚሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በረዶውንም፣ ባቄላውንም።

«አባባ» አሉኝ ፈገግታቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው፣ «በሚካኤል ቀን አውቶቡሱን ማን ነዳልዎ?»

«ሹፌሩ።»

«ሹፌሩ የእኛ ምእመን ነው። ትልልቆቹን በዓላትና ሰንበትን ያክብሩ፤ የሌላውን ቀን እንደ አቅምዎ። መሬትዎን ደግሞ አያስወስዱ።»

«በረዶውስ አባታችን?»

«እዚህ አገር እኮ በሐምሌም ይጥላል!»

መስቀላቸውን ስሜ ወጣሁ። በሳምንቱ የገብርኤል ዕለት አካፋዬን ይዤ ቆምኩ። ተፈቅዶልኛል። አካፋውን አፈሩ ላይ ተከልኩ፣ እግሬን ጫፉ ላይ አሳረፍኩ። እግሬ አልጫነም። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ከዚያ ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱ ሄደዋል።

እትዬ ከወዲያ ሆነው ሲያዩኝ ነበር። መጡና አጠገቤ ቆሙ። ያኔ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ባቄላዎን የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

«በረዶ ነው የጨረሰው።»

«በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ሚካኤልን፣ ቀኑን መሳሳቴን፣ የመንደራችንን ሽማግሌዎች አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም።

«አባቴ ገበሬ ነበር» አሉ። «በስቅለት ዓርብ ብረት መሬት ውስጥ አያስገባም። አንድ ጊዜ ወንድሜ ቆፍሮ ተገኘና እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረውም።» ክርናቸውንም እንደገና ጎኔ ላይ ወጉት። «ባቄላውን ግን ትመልሳለህ!»

ከዚያ ወደ መሬታቸው ጠሩኝና አንድ ጥግ አሳዩኝ። ለምለም ነው፣ አፈሩ ጥቁር።

«ይህንን ቆፍሬው አላውቅም» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ካርቶን ታነጥፋለህ፣ አረሙ ላይ። ታረጥበዋለህ። በላዩ ላይ የበሰበሰ ፍግ ትከምራለህ። አረሙ ብርሃን አጥቶ ይሞታል፣ ትሎቹ ከታች ሆነው ይሠሩልሃል። አንተ ከላይ ትተክላለህ።»

«ሳልቆፍር?»

«ሳትቆፍር።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመንኳቸውም። ገበሬ ሆኖ ተወልዶ ካርቶን ማንጠፍ! አባቴ ቢያይ ምን ይላል? ግን ቀን ቆጠርኩ። በዓሉን ሁሉ አውጥቼ፣ ዝናቡን ትቼ፣ እጄ ላይ የቀረው ስምንት ቀን ቢሆን ነው። በስምንት ቀን ያንን ሁሉ ሰርዶ ነቅሎ መቆፈር የሃያ ዓመት ጎረምሳም አይችልም። ካርቶን ማንጠፍ ግን ይቻላል።

ሁለታችን ብሪክስተን ገበያ ወረድን። የሙዝና ያም የሚሉት ድንች መሳይ ሥር ባዶ ካርቶን በሰፊው አለ። ነጋዴዎቹ እትዬን ያውቋቸዋል፤ «ቤት ልትቀይሪ ነው?» ይሏቸዋል። «ወንድሜ ሊዘራው ነው» ይላሉ። ካርቶኑን አጣጥፈን በገመድ አስረን አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ሹፌሩ «ቤታችሁን ይዛችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ፍጉን ማኅበሩ በር ላይ ያራግፋል፤ በጋሪ እየገፋሁ አመጣሁት። እትዬ ደግሞ ቆመው ያዛሉ፦ «እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ! ሰርዶ በመርፌ ቀዳዳ ይወጣል!» በስድስት ቀን አለቀ። በሰባተኛው ቀን ድንች ፍጉ ውስጥ ቀበርኩ፣ የጎመንና የባቄላ ችግኝ ደረደርኩ። በስምንተኛው ወገቤን አሳረፍኩ። አንድም በዓል አልደፈርኩም።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ ጸሐፊው መጣ። እሑድ ነዋ! እኔ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥቼ በነጭ ልብሴ ባልዲዬ ላይ ነኝ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠም። እትዬ በአጥሩ ወዲያ ቆመው አትክልት የሚያጠጡ ይመስላሉ፤ የያዙት ማጠጫ ባዶ ነው።

ጸሐፊው መሬቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ።

«አረሙ የለም» አለ። «ግን ተቆፍሯል?»

«አልተቆፈረም» አልኩ። መዋሸት በእሑድ አይሆንም።

ፊቱ ተቋጠረ። «እስቲ ከታች ምን እንዳለ ልየው» ብሎ የእትዬን ባለ አራት ጥርስ መቆፈሪያ ፎርክ ከአጥሩ አነሳና መሬቴ ላይ ሊሰካው ከፍ አደረገ። ሳላስበው ተነስቼ እንጨቱን ያዝኩት።

«አይ! ዛሬ አይሆንም!»

ሁለታችንም ፎርኩን እንደያዝን ቆመን ቀረን። እሱ የምደብቀው ነገር ያለኝ መሰለው፤ በዐይኑ አየሁት። መሬቴ ሄደች አልኩ በልቤ።

እትዬ ባዶ ማጠጫቸውን ጥለው መጡ። «ፎርኬን ሁለታችሁም ልቀቁ!» ለቀቅን። ከዚያ ለጸሐፊው፦ «በሰንበቱ አፈር አይወጋም፤ ሕጉ ነው። አንተ ደግሞ የምትመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ተቀምጦ የምታየው በዓሉን ሲያከብር ነው እንጂ ሲሰንፍ አይደለም። ማየት ከፈለግህ እጅ አለህ፣ ተንበርከክ።»

ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ተንበረከከ። እትዬ ከጎኑ ተንበርክከው ፍጉን በመዳፋቸው ገፍተው የካርቶኑን ጫፍ ገለጥ አደረጉለት። ካርቶኑ ረጥቦ ሊበጣጠስ ደርሷል። ከሥሩ ያ ሁሉ አረም ገርጥቶ፣ ሞቶ ተኝቷል፤ ትል በትል ነው። ጸሐፊው አንዱን ትል በጣቱ ነካ አደረገው።

«ስለዚህ እኔ በመጣሁ ቁጥር...» አለኝ።

«በዓል ነው» አልኩት።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ትከሻው ሳቀ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። «መሬቱ የእርስዎ ነው» አለኝ። «ከእንግዲህ አንዳንዴ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ሐሙስ ይቻላል?»

«ቀኑን አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

ያ መሬት ዛሬም የእኔ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመጀመሪያውን ባቄላ ስለቅም አንድ ባልዲ ሞልቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኩ። «ስንት ቀን ነው ዛሬ?» አሉኝ መጀመሪያ፣ ከመቀበላቸው በፊት። «አሥራ አራት» አልኳቸው፤ ቤቴ ሁለት ጊዜ አይቼ ነው የመጣሁት። በዚያ ጊዜ ያሻገሩኝ ሰው እኚህ ናቸው፤ የብሪክስተኗ የቤተ መጻሕፍት ጡረተኛ፣ ባለ ባቄላዋ ጎረቤቴ፣ እትዬ።